ጎልፍ ለሁለት፣ ከካኬፐን ተራራ ሥር

ለባልና ሚስት የሚሆን የተራራ ጎልፍ ዕረፍት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚወሰነው ቦታው ነው፤ ወጪውም እፎይታውም በአብዛኛው ከእሱ ይከተላሉ። በምሥራቅ አሜሪካ፣ በአፓላቺያን ተራሮች ውስጥ፣ ዝነኛ የሆቴል ሜዳዎች አሉ። ቨርጂኒያ የሚገኘው ሆምስቴድ ከ1892 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጎልፍ ሲያጫውት ኖሯል። ውበቱ አያጠያይቅም፤ ሂሳቡ ግን የብዙ ጥንዶችን የዓመት የዕረፍት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። አቅም የሚችለው ከጎረቤቷ ከዌስት ቨርጂኒያ ይገኛል። ይህች ግዛት በአንዳንድ ስቴት ፓርኮቿ ማደሪያን፣ ምግብ ቤትንና የጎልፍ ሜዳን አንድ ላይ አድርጋ ለሕዝብ ሠርታለች።

ከነዚህ አንዱ ካኬፐን ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢዋ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የአውሮፕላን ቲኬት የለም፤ ጠዋት ቡናውን ጠጥቶ የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ፓርኩ በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ መንግሥት ሥራ አጥ ወጣቶችን አሰልፎ ያሠራው ነው፤ ያኔ ከተሠሩት የግንድ ቤቶች ዛሬም የሚከራዩ አሉ። ለቆጣቢ ጥንድ ከሎጅ ክፍል ይልቅ ወጥ ቤት ያለው ጎጆ ይሻላል። እንጀራውና ወጡ ከቤት ተሠርቶ ይሄዳል፤ የምግብ ቤት ወጪው ይቀራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እራት ለመብላት ለብሶና መኪና አስነሥቶ መውጣት የለም።

ሜዳው በሃያኛው መቶ ዘመን ስማቸው እጅግ ከገነነ የሜዳ ነዳፊዎች አንዱ የሆነው የሮበርት ትሬንት ጆንስ ሥራ ነው። በሌላ ቦታ የእሱን ንድፍ ለመጫወት ብዙ ይከፈላል። የተራራ ሜዳ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ቁልቁል የተመታች ኳስ ከለመደችው ርቃ ታርፋለች፤ ሽቅብ የተመታችው ታጥራለች፤ ስለዚህ ዱላ የሚመረጠው በርቀቱ ብቻ ሳይሆን በዳገቱም ልክ ነው። ከሁሉ የሚያታልለው ግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት በአጭሩ የተከረከመ ሣር፣ ነው። ዐይን የተራራውን ግዙፍ ተዳፋት ስለሚለምድ፣ በተከረከመው ሣር ላይ ያለው ትንሽ ዝንባሌ ለጥ ያለ ሜዳ ይመስለዋል፤ አንዳንዴም ቁልቁለቱን ዳገት አድርጎ ያየዋል። ኳሷን ከመግፋት በፊት ከጉድጓዱ በታች ወርዶ ጎንበስ ብሎ ማየት፣ ተራራው በየት በኩል እንደቆመም ማስተዋል ይጠቅማል።

ባልና ሚስት እኩል የሚችሉበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አንዱ ጎበዝ፣ ሌላው ጀማሪ ይሆናል። ለዚህ የጎልፍ ሕግ ራሱ መልካም መፍትሔ አለው፤ ፎርሰምስ ይባላል። ሁለቱ በአንዲት ኳስ በየተራ ይመታሉ፤ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ጉድጓዶች ይጀምራል፣ ሌላው ሙሉ ቁጥሮቹን። ጎበዙ ጀማሪዋ ጫካ የከተተቻትን ኳስ ያወጣል፤ በተራው እሱ ያበላሸውን እሷ ታቃናለች። በየራስ ኳስ መጫወት ቀስ በቀስ ወደ ፉክክር ያመራል፤ ለዕረፍት ለወጣ ጥንድ ከፎርሰምስ የተሻለ አጨዋወት ማግኘት ይከብዳል። ሕጉ የአንድ ወገን አጣማጆች ዱላ እንዲጋሩም ይፈቅዳል፤ የሁለቱ ድምር ከ14 አይለፍ እንጂ። አንዳንድ ሜዳዎች ግን ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ቦርሳ ስለሚጠይቁ፣ በአንድ ቦርሳ ከመሄድ በፊት ደውሎ ማጣራት ያስፈልጋል።

ዋጋው የሚቀንሰው ሜዳው ጭር ሲል ነው፤ ጭር ያለ ሜዳ ደግሞ ዕረፍት ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከቅዳሜና እሑድ ይረክሳል፤ ከሰዓት በኋላ ከጠዋት ይረክሳል። ዐሥራ ስምንቱን ጉድጓድ መጨረስ ከአራት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ በቀን ዘጠኝ መጫወትና የቀረውን ጊዜ ለእግር መንገድ ወይም ለእንቅልፍ መተው የተሻለ ነው። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ የሚሆንበት የጥቅምት ወር እጅግ ውብ ነው፤ ማደሪያውም ያኔ ይወደዳል። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለቆጣቢ ይመቻሉ። ቀን ከመያዝ በፊት አንድ ጥያቄ መረሳት የለበትም፦ ግሪኑ በቅርቡ ተበስቷል ወይ? ሣሩ ሥር አየር እንዲገባ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በትንንሽ ቀዳዳዎች ተበስቶ አሸዋ ይለበሳል፤ እስኪያገግም ኳሷ እየነጠረች አቅጣጫዋን ትስታለች። በአሜሪካው በጋ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ ይበዛል፤ ድምፁ እንደተሰማ ዱላ ጥሎ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና መግባት ግዴታ ነው። ጨዋታው በዝናብ ቢቋረጥ ክፍያው ለሌላ ቀን ይተላለፍ እንደሆነ ሲከፈል መጠየቅ ይገባል።

ጎልፍ በሌለበት ቀን በርክሌይ ስፕሪንግስ የምትባለው ትንሽ ከተማ ቅርብ ናት። ጆርጅ ዋሽንግተን በወጣትነቱ፣ በ1748፣ ምንጮቿን አይቷል። ውሃው ሲፈልቅ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ እንደ አዲስ አበባው ፍል ውሃ አያቃጥልም፤ ለመታጠቢያ ይሞቃል። ከምንጩ የሚጠጣ ውሃ በነጻ ይቀዳል፤ ጄሪካን ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። ለሁለት የሚሆነው የግል መታጠቢያ ክፍል ግን በቀጠሮ ስለሆነ፣ ከማደሪያው ጋር አብሮ ቢያዝ ይመረጣል።