ከቧንቧው እስከ ብርጭቆው

ከመስቀል አደባባይ ተነሥታችሁ የቦሌን መንገድ ስትይዙ፣ ፍላሚንጎንና ኦሎምፒያን አልፋችሁ ወሎ ሰፈር ትደርሳላችሁ። መንገደኛው የሚያየው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚጣደፈውን መኪናና ግራና ቀኝ የቆሙትን ፎቆች ነው። ዛሬ ግን ከዋናው መንገድ ገባ እንበልና የአንዱን ግቢ በር እናንኳኳ።

በመጀመሪያ ዓይን የሚገባው የጀሪካን ሰልፍ ነው። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ቀድሞ ዘይት የነበረበት ሁሉ በግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት እንቅልፍም በፈረቃ ነው። ቧንቧው ሌሊት ሲያፏጭ እናት ትነሣለች፤ በርሜሉን ሞልታ ሲነጋ ሥራ ትገባለች።

በዚህ ግቢ ያነጋገርኳት እናት ልጇ በተቅማጥ ሲታመምባት ግራ የገባት፣ ውሃው የቧንቧ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ከየት መጣ የሚለው ነበር። ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ነው።

የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ውሃ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ወደ ከተማው ይለቀቃል። ይሁን እንጂ ውሃ ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ቧንቧው የተሰነጠቀ እንደሆነ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ በገዛ ቤታችን ነው። አፈ ሰፊ በርሜል ክዳኑ ተነሥቶ ይውላል፤ ያልታጠበ እጅ ከነኩባያው ይጠልቅበታል፤ ውሃው ሲቆይም የክሎሪኑ ኃይል እየደከመ ይሄዳል። እንግዲህ የመጨረሻው ቧንቧ ጀሪካናችን ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ውሃ ተቋርጦ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት እናውለው። ለመጠጥ የሚሆነውን አፈ ጠባብ ክዳን ባለው ዕቃ ለይተን እናስቀምጥ፤ ከመሙላታችንም በፊት ውስጡን በሳሙና ፈትገን እንጠብ። ስንጠጣ እንቅዳ እንጂ አንጥለቅ። ውሃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን ፈሳሽ ስንጠቀም በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረን 30 ደቂቃ እንታገሥ። ማፍላት ከመረጥን ደግሞ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነውና፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ልጅ ካስቀመጠው ጡት አይከልከል። አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በላዩ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጠን ቶሎ ቶሎ እናጠጣው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው ግን ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። በ2008 ዓ.ም. በከተማችን ገብቶ የነበረውን አተት የምናስታውስ ሁሉ የአንድ ቀን መዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል እናውቃለን።

በመጨረሻም የውሃ ነገር የእናት ሸክም ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ሌሊት ተነሥቶ መቅዳቱ፣ ጀሪካን ማጠቡ የአባትም የልጆችም ሥራ ነው። በመንገድ ላይ የሚፈስ ቧንቧ ያየ ጎረቤትም አይቶ አይለፍ፤ ውሃ ለሚወጣበት ቆሻሻ መግቢያው ነውና ለሚመለከተው ክፍል ያስታውቅ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ጥርት ብሎ በብርጭቆ ሲታይ አይናቅ።