ባንከሩ ማንን ይይዛል?

ወዳጆች፣ ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብዬ ስለ አሸዋ ላውጋችሁ።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ሣርና አሸዋ ከሚንከባከቡት ሠራተኞች አንዱ ነኝ። ስድስት ዓመት ሞላኝ። ጎልፍ ግን አልጫወትም፤ ዱላውን የምይዘው ሰው ረስቶት ሲሄድ ወደ ቢሮ ለመመለስ ብቻ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ኳሱ ተመትቶ በሚያርፍበት ሰፊ የሣር መንገድ፣ ፌርዌይ በሚሉት፣ ዳርና ዳር የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ። ባንከር ይባላሉ። የተቆፈሩት በጉልበቱ ተማምኖ አቋራጭ የሚሻውን ሰው ሁለቴ እንዲያስብ ለማድረግ ነው።

የእኛ ሜዳ ሰባተኛው ላይ፣ ከመነሻው 210 ያርድ ርቆ፣ ወደ መሃል ገባ ያለ ትልቅ ባንከር ነበር። ድሮ የጎበዝ መቺ ኳስ የሚያርፈው እዚያ አካባቢ ነበር። ዛሬ ወጣቶቹ 280 ያርድ ስለሚመቱ በአናቱ ያልፋሉ፤ ቀና ብለውም አያዩት። ታዲያ ማን ይገባበታል? ጡረተኞቹ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ኳሳቸውን ቀጥ አድርገው፣ አሳምረው ይመታሉ። ስንት ጊዜ ክንዳቸውን ይዤ ከዚያ ጉድጓድ አውጥቻቸዋለሁ! ጥፋታቸው ጉልበት ማነሱ ብቻ ነው።

ባለፈው መኸር ባንከሩ ወደ ፊት ይዛወር ተባለ። ሥራው ሊጀመር ሲል ከኃላፊዎቹ አንዱ «አሮጌውም ለፎቶ ያምራል፤ እሱ ይቆይ፣ አዲሱ ይጨመር» አሉ። አለቃዬ ዞር ብሎ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው፣ ተናገርኩ። «አሸዋውን ጠዋት ጠዋት የማስተካክለው እኔ ነኝ። ማን እንደገባበት ከዱካው አውቃለሁ። የሚጎተት እግር እንጂ የወጣት ዱካ አይቼበት አላውቅም» አልኩ። ዝም ተባለ። በማግስቱ አሮጌው ይደፈን ተባለ።

ማዛወር ሲባል አንስቶ መውሰድ እንዳይመስላችሁ። አሸዋውን ዝቀን አወጣን፣ የፍሳሽ ቧንቧውን ነቀልን፣ አፈሩን በየደረጃው እየጠቀጠቅን ሞላን። ካልተጠቀጠቀ ውሎ አድሮ ይሰምጥና ውሃ ይቋጥራል። አዲሱን 265 ያርድ ላይ ቆፈርን፤ ከሥር ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቧንቧ፣ ከላይ አሸዋ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ዝናቡ በየት በኩል እንደሚወርድ ሳያዩ የቆፈሩት ባንከር በመጀመሪያው ዶፍ ኩሬ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ኑሮህ ከአካፋ ጋር ነው።

ይህ ነገር የእኛ መንደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ሚሺገን በሚገኘው ኦክላንድ ሂልስ፣ ሮበርት ትሬንት ጆንስ የተባለው የሜዳ ነዳፊ ጎበዞቹ በአናታቸው የሚያልፏቸውን አሮጌ ባንከሮች ደፍኖ አዳዲሶቹን ኳሱ አሁን በሚያርፍበት ቦታ ቆፈረ። በዚያ የዩኤስ ኦፕን ውድድር በሙሉ ከፓር በታች የተጫወተ ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ታየ፤ ያሸነፈው ቤን ሆጋን እንኳ በድምሩ 7 ከፓር በላይ ነበር። ኦገስታም ለ2019ኙ ማስተርስ የአምስተኛውን መነሻ ወደ ኋላ ገፍቶ ርቀቱን 495 ያርድ አደረሰው፤ ባንከሮቹን በአየር ለማለፍ ከ310 ያርድ በላይ መምታት ይጠይቃል።

እንግዲህ ስንት ጊዜ እንቆፍራለን? ኳሱ በራቀ ቁጥር መሬቱ አይለጠጥ! ለዚህ ነው በ2023 መጨረሻ የጨዋታው ሁለት ገዢ አካላት የኳሱ ርቀት እንዲቀንስ ሲወስኑ ደስ ያለኝ። ኳስ አምራቾች አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ፤ አካፋውን የያዙት እነሱ አይደሉም።

ባለፈው ማክሰኞ ሽማግሌው ሰባተኛው ላይ መቱ። ኳሳቸው አሮጌው ባንከር በነበረበት ላይ ተንከባልሎ አለፈ። ሣሩ እዚያ ጋ አሁንም ትንሽ ይለያል፤ ቦታውን የሚያውቅ ያየዋል። እሳቸው ቆም ብለው በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ከአዲሱ ባንከር ውስጥ ሆኖ «ይህን እዚህ ያመጣው ማነው?» ብሎ ጮኸብኝ። አካፋዬን ከፍ አድርጌ አሳየሁት።