ባለ ዘለበቱ

«ወራጅ አለ!» አለ ረዳቱና እጀታውን ሳበው። በሩ ንቅንቅ አላለም።

ሰርዶ ነን። ከሎጊያ ወደ ጋላፊ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የአፍዴራው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ። ሰዓቱ ቀን ስድስት ሰዓት ሆኗል። መኪናው ሲቆም በመስኮት ይገባ የነበረው ንፋስም አብሮ ቆመ። የሚኒባሳችን ተንሸራታች በር ቆልፎብናል። እኛ ወጣቶቹ ወንበር ተሻግረን በጋቢና ወጣን። አንዲት ነፍሰ ጡር ግን ውስጥ ቀረች። ለእርግዝና ክትትል ነበር የመጣችው። በዚያ ሆድ ወንበርና ማርሽ መሻገር የማይታሰብ ነው። በሻሿ ጫፍ ፊቷን እያራገበች ዝም ብላ ታየናለች።

ሾፌሩ ረዳቱ ላይ ጮኸ፦ «በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋ ስንቴ ልበልህ?»

ረዳቱ ቢበዛ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አቀረቀረ እንጂ አልመለሰም።

እኔም ዝም አልኩ። በሩን የዘጋሁት ግን እኔ ነበርኩ። ሎጊያ ላይ መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ በሩን ሳብኩት፣ አልገጥም አለኝ፣ በኃይል ደገምኩት። ቀጭ አለ። መንገድ ከጀመርን በኋላ የላፕቶፕ ቦርሳዬን ማንጠልጠያ ሳየው የብረት ዘለበቱ የለም። ወድቆ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አሁን ደግሞ ጭራሽ ኢንጂነር ነኝ ብዬ ፊት ቀደምኩ። እግሬን ጎማው ላይ ተክዬ እጀታውን ጎተትኩ። ሁለት ጎረምሶች አገዙኝ። በጎተትን ቁጥር በሩ የባሰ ነከሰ።

ጋቢና ተቀምጠው የመጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ በመኪናው ጥላ ቁጢጥ ብለው ያዩን ነበር። «ተዉት» አሉ። «መጀመሪያ ወሬውን እንስማ።»

ስለ ዳጉ ሰምታችሁ ይሆናል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ፤ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ የሞተውን፣ የተወለደውን። ዳጉ ላይ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው፤ ሰው ከብቱን የሚነዳው በሰማው ወሬ ነውና።

ሽማግሌው ከሾፌሩ ጀመሩ። ትናንት በሩ ደህና ነበር? ደህና ነበር። ዛሬ የት የት ተከፈተ? ሰመራና ሎጊያ። ሎጊያ ላይ ማን ዘጋው?

ረዳቱ በመስኮቱ አየኝ። ያውቃል ማለት ነው። ግን እኔን አልጠቆመም።

ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬ ላይ የማልከፍተው አንድ መልእክት አለ። መሥሪያ ቤታችን የገባ አዲስ ልጅ ነው የላከው። ሲስተማችን ሲቆም ጥፋቱን የራሱ ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ሁለት ሌሊት አድሯል። ያበላሸችው መስመር ግን የእኔ እንደሆነች ጠርጥሬያለሁ። ሳይታወቅብኝ አስተካክላለሁ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በኃይል ነው የዘጋሁት። የቦርሳዬ ዘለበትም እዚያው ነው የጠፋው።»

ሾፌሩ ሊናገረኝ አፉን ከፈተ። ሽማግሌው በእጃቸው አስቆሙት። «አሁን ወሬው ሞላ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆነ። የሚኒባስ በር ሦስት ሀዲድ ላይ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ በጎን፣ አንዱ ከመርገጫው ሥር። ሀዲዶቹ ጫፋቸው ላይ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ በሩ ሲዘጋ ከመኪናው አካል ጋር የሚገጥመው ለዚህ ነው። የታችኛው ተሽከርካሪ በእኔ ጉልበት ዘለበቱን ዘሎት አልፏል፤ መመለሻው ላይ ግን ብረቱ ተሰንቅሯል። ስንጎትት የምናደርገው የበለጠ መሸንቆር ብቻ ነበር።

«ወደ ውስጥ ግፉ!» አለ ረዳቱ። ገፋን። ጫናው ሲላላ ልጁ በካቻቪቴ ጫፍ ዘለበቱን ፈልቅቆ አወጣው። በሩ እየተንሿጠጠ ተከፈተ። ሴትየዋ ወረደች፣ ውሃ ተቀበለች፣ ጉዞዋን ወደ ጤና ጣቢያው ቀጠለች። ወደ እኔ ዞር ብላም አላየች፤ እኔም ይቅርታ ለማለት አልደረስኩም።

ሾፌሩ ሀዲዱን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠረገው። ግራሶ ይቀባ ብል ሳቀብኝ፦ «በዚህ አቧራ? ሊጥ ልታቦካ ነው?»

መጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ አሮጌዋ ሰርዶ ፈርሳለች። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የተማርኩት ትዝ አለኝ፦ መሬት በስንጥቁ ግራና ቀኝ ተነካክሶ ይቆያል፣ የሚገፋው ኃይል ግን አያርፍም፣ ይጠራቀማል፣ አንድ ቀን በድንገት ይንሸራተታል። ረዳቱን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ችግር የለም» አለና ዘለበቱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ለሥራ ባልደረባዬም እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ «ኮድህን ተወው፤ የእኔን አብረን እንይ።» ኔትወርክ ስለሌለ መልእክቱ አልሄደም።

ማታ ሎጊያ ተመልሼ ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። መልእክቴ ገና እየዞረ ነው። ሻይ የሚቀዳው ልጅ ብርጭቆውን አስቀምጦ ቦርሳዬን አየና ፈገግ አለ፦

«ባለ ዘለበቱ አንተ ነህ?»