ባለ ቁልፏ ስልኬ

ዛሬ የማጫውትዎ ስለ አንዲት ትንሽ ስልክ ነው። ማታ ማታ ስድስት ኪሎ ከሐውልቱ አጠገብ የታክሲ ሰልፍ ይዘው ከሆነ ምናልባት አይተውኝ ይሆናል። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ መስተዋቱን በጣቱ ሲዳብስ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ሰማይ ሰማይ የሚያየው ሰውዬ እኔ ነኝ። «ምስኪን፣ ስልክ እንኳ የለውም» ብለው አዝነውልኝ እንደ ሆነ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

እኔ ቀን የመንግሥት ሥራ እየሠራሁ ማታ የምማር ሰው ነኝ። ዓምና አንድ ቅዳሜ ለፈተና ላጠና ብዬ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። መጽሐፉን ገለጥሁ፤ ስማርት ስልኬንም ከጎኑ አስቀመጥሁ። «አንድ ነገር ብቻ ልይ» አልሁና አነሣኋት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ልንገርዎ ብል አላስታውሰውም፤ የማላውቃት ሙሽራ ስትጨፍር፣ ሁለት ሰዎች ስለ ኳስ ሲሰዳደቡ፣ አንዱ ደግሞ በሦስት ወር እንዴት እንደሚከበር ሲያስተምር። ምሳ ሰዓት ደርሶ ቀና ብል መጽሐፉ እዚያው ገጽ 41 ላይ ተገልጦ ይጠብቀኛል። አፈርሁ። ያፈርሁትም ሰው አይቶኝ አይደለም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅም እንደኔው ነበረ።

ሰኞ ዕለት ስልኬን ሸጥሁና ያገለገለች ባለ ቁልፍ ቀፎ ገዛሁ። በተረፈኝ ገንዘብ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ከፈልሁ።

«ይህች ነገር ደግሞ ምን ትሠራለች?» ይሉኝ ይሆናል። ትደውላለች፤ ታስደውላለች። መብራት ሲጠፋ አናቷ ላይ ያለችው አምፖል ሻማ ታስንቃለች፤ ባትሪዋም አንድ ጊዜ ከተሞላ ቀናት ይሰነብታል። ቀሪ ሒሳቤን በ*804# አያለሁ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም ያለ ኢንተርኔት በ*127# ስለሚሠራ ለእናቴ ገንዘብ እልክበታለሁ። ደግሞስ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ስልክ ማለት ይኸው አልነበረምን? የእነዚህ ቀፎዎች አያት ልበለውና ኖኪያ 1100 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ወጥቶ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ያን ያህል ሕዝብ ሁሉ ተሞኝቶ ነው ለማለት ይከብዳል።

እንግዲህ እንደ ባሕታዊ ኮራሁ። መንኜ ብቻ አልቀረሁም፤ መስበክም ጀመርሁ። በተለይ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ አማርኛውን በላቲን ፊደል ስትጽፍ ባየሁ ቍጥር «የገዛ ፊደል እያለን!» እያልሁ አሰለቸኋት።

የክፍላችን ማስታወቂያ የሚተላለፈው በቴሌግራም ነው። እኔ ስለማላየው እርሷ የሚያስፈልገውን እየለየች በአጭር መልእክት ትልክልኝ ነበር። አንድ ኀሙስ ማታ ከእርሷ መልእክት ገባ። ብከፍተው ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን ብቻ! ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሳጥን ተደርድሮበታል። «ያችን የሚሥቅ ፊትና የአበባ ሥዕል ልካልኝ ነው» ብዬ ተኛሁ። መደወል ይቻለኝ ነበር፤ አልደወልሁም።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ብዕሬን ይዤ ለፈተና ብሄድ በሩ ተቆልፏል። ደወልሁላት።

«ፈተናው ወደ ዓርብ ማታ ተዛውሮ ነበር እኮ! ኀሙስ ጻፍሁልህ!»

«በምን ጻፍሽልኝ?»

«በአማርኛ ነዋ! በገዛ ፊደላችን!»

ለካስ የኔዋ አሮጌ ቀፎ ፊደላችንን አትቆጥርም ኖሯል፤ የማታውቀውን ፊደል ሁሉ ሳጥን አድርጋ ታልፈዋለች። ነገሩን ስጠያይቅ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርሁ፤ በላቲን ፊደል 160 ምልክት የሚይዘው አንድ አጭር መልእክት በእኛ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። (ፊደላችን ድምፁን ከነአናባቢው በአንድ ስለሚይዝ ጉዳቱ የሚመስለውን ያህል አይደለም። ግን ይህን ማወቄ ፈተናዬን አልመለሰልኝም።) ትምህርቱን በሚቀጥለው ጊዜ ከኪሴ ከፍዬ ደገምሁት።

ከገንዘቡ ይልቅ የከነከነኝ ግን ጓደኛዬ በኋላ ሻይ ስንጠጣ የተናገረችው ቃል ነው። «ወንድሜ፣ ሰላም አገኘሁ እያልህ ታወራለህ። ያንተን ሰላም የምጠብቀው እኮ እኔ ነኝ። በቀን ሦስት መቶ መልእክት አንብቤ አንዷን ላንተ እመርጣለሁ።»

የምመልሰው አጣሁ። ቢሮዬንም አሰብሁት፤ በአለቃችን ቴሌግራም የሚመጣውን ትእዛዝ ጎረቤቴ የተቀመጠው ባልደረባዬ ነው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብልኝ። ሸክሙን ጣልሁት ስል ለካ በሰው ትከሻ ላይ ነው ያስቀመጥሁት።

ታዲያ ስማርት ስልክ መልሰህ ገዛህ ወይ ይሉኛል። አልገዛሁም። ያንን መጽሐፍ ከነገጽ 41 ጨርሻለሁ፤ ከእርሱም ወዲህ አራት ሌሎች አንብቤአለሁ። ቀፎዬን ግን አማርኛ በሚያነብ ባለ ቁልፍ ቀፎ ለወጥሁ። ከጓደኛዬም ጋር ውል ገባን። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ስድስት ኪሎ ሻይ ቤት እንገናኛለን፤ ስልኳን ትሰጠኛለች፤ የሳምንቱን መልእክት ሁሉ እኔ አንብቤ የሚያስፈልገንን ለሁለታችንም በደብተር እጽፋለሁ። እርሷ በዚያን ጊዜ ሻይዋን እየጠጣች መንገደኛውን ታያለች። የሻዩን ሒሳብ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ መልእክቶቹን ጨረስሁና «አንድ ነገር ብቻ ልይ» አልኋት። ሙሽራዪቱ አሁንም ትጨፍራለች። ጓደኛዬ ሻይዋን ጨርሳ፣ ሁለተኛም አዝዛ፣ እርሱንም ጨርሳ «በል አምጣ!» ብላ ስልኳን ከእጄ ነጠቀችኝ።