ማገጥ ፍለጋ፣ ከግራና ሽቅብ

ግራና፣ የመስከረም ማለቂያ። ማሽላው ራሱን አውጥቷል፤ ልጆች ማማ ላይ ቆመው ወፍ ያባርራሉ። የመጣሁት የወተት ላም ነገር አሳስቦኝ ነው፤ ሣርና ማገጥ ተደባልቀው የሚበቅሉበት ግጦሽ እንዴት እንደሚያዝ ለማየት። ከመስኖ ቦዩ ዳር ሰርዶ የሚያጭዱ አንድ ገበሬ አግኝቼ፣ «አያ፣ እዚህ ማገጥ ይበቅላል?» አልኳቸው። በማጭዳቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ጠቆሙኝ። «ማገጥማ የደጋው ሀብት ነው። የኛን ከብት ክረምቱን ያሻገረው የሽልሻሎ ንቅል ነው።»

ልክ ናቸው። ግራና 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት ሸለቆ ነው፤ ማገጥ ደግሞ ብርድና እርጥበት ይወዳል። እዚህ ከሣር ጋር ሊጣመሩ የሚችሉት ላብላብ፣ የርግብ አተርና ካውፒ ናቸው፤ መስኖ ካለ አልፋልፋም ከሮደስ ሣር ጋር ይሆናል። እነዚህም እንደ ማገጥ የጥራጥሬ ወገን ናቸውና ጥቅማቸው አንድ ነው፦ ጥራጥሬው በሥሩ እባጭ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛል፣ ሣሩም ቆይቶ ይካፈለዋል።

በመርሳና በስሪንቃ በኩል አልፌ ወልድያ ገባሁ። ጓሮ ውስጥ ዲቃላ ላም የሚያልቡ ሰዎች የሚያነሱት የፋጉሎና የፉሩሽካን ዋጋ ነው። ከደጋ መጥቶ በእስር ከተከመረው ድርቆሽ እፍኝ መዝዤ አየሁ፤ ቅጠል የለውም፣ ቢጫ አገዳ ብቻ ነው። መኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ሲወርድ የላሟ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ላሟ ሆዷ ሞልቶም ወተቷ ይጎድላል። አርፍዶ የታጨደ ሣር ከዚያ በታች ይወርዳል። ያኔ ነው ፋጉሎ የሚገዛው፤ በእኔ ግምት ደጋው ላይ ያመለጠውን ፕሮቲን ከተማ ላይ በብር መመለስ ነው።

በወረታው መንገድ ሳንቃንና ድልብን አልፎ ወደ ጋሸና ሲወጣ አየሩም መሬቱም ይለወጣል። ውኃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ላይ ሐምራዊ የማገጥ አበባ ከአደይ አበባ ጋር ተቀላቅሎ ተነጥፏል፤ ንቡ አያስቀርብም። ሀገራችን ከ25 በላይ የማገጥ ዝርያዎች አሏት፤ አንዳንዶቹ ሌላ የትም አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የእንስሳት ሀብት ምርምር ማዕከል ኢልካ፣ የዛሬው ኢልሪ፣ እነዚህን ዝርያዎች ሰብስቦ ሞክሯቸው ነበር። ጥቁር መሬት ላይ ማገጥን ከሁሉ አብልጦ የሚያፋፋው ፎስፈረስ እንደሆነ የታየው በዚያ ሥራ ነው።

አንድ አዛውንት ክልክላቸውን አሳዩኝ። ከሰኔ ጀምሮ ከብት አልገባበትም። ጠዋት ጠሉ ሳይደርቅ ማገጥ ላይ የተለቀቀች ላም ሆዷ እንደሚነፋ አሳምረው ያውቃሉ፤ አስቀድመው ጭድ ያቀምሷታል። «መቼ ያጭዳሉ?» ስላቸው «ኅዳር፣ የሰብሉ ሥራ ጋብ ሲል» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ኅዳር ድረስ የማገጡ ቅጠል ይረግፋል፣ ሣሩም ይገረጅፋል። አበባው ሳለ ቢታጨድ ደግሞ አብዛኛው የደጋ ማገጥ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ስለሆነ፣ ዘር ሳይጥል ከቀረ እያደር ይጠፋል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው መሬቱን በመከፋፈል ይመስለኛል፦ ገሚሱን በአበባው አጭዶ ጥላ ሥር ማድረቅ፣ ገሚሱን ዘር እስኪጥል መተው፣ በዓመቱ ደግሞ ማቀያየር። ለዘር የተተወው ድርቆሹ ቢከፋም የከርሞ ማገጥ ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። የቤቱ ግድግዳ ኩበት ተለጥፎበታል። እንጨት በሌለበት ደጋ ማን ይፈርዳል? ግን ላሟ ከክልክሉ የበላችው ፎስፈረስ በእበቷ ወጥቶ ምድጃ ይገባል። ሲነድ ናይትሮጅኑ ይበናል፣ ፎስፈረሱ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። ማገጥ ናይትሮጅን የሚለምነው የለም፤ የሚጎድለው ያ አመድ ነው። አመዱን ቤት ኋላ ከመድፋት ክልክሉ ላይ ቢበትኑትስ? ዩሪያ ግን አልመክርም፤ ሣሩን አስረዝሞ ማገጡን በጥላ ይገድለዋል።

አዛውንቱ አመዱን ሰምተው ሳቁ። «ይህስ ወጪ የለውም።» ልጃቸው ግን አልሳቀም። ክልክሉን አርሶ ገብስ ሊዘራበት፣ ዳሩን ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ፈልጓል። «ወልድያ ያለው ነጋዴ እስሩን ይቆጥራል እንጂ ማገጥ አለበት የለበትም ብሎ ዋጋ አይጨምርም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አባቱ ውኃ የሚተኛበትን ጥግ ዘንድሮ ሳይታጨድ ሊተዉት ተስማሙ፤ ስለ ቀረው መሬት ስለያቸውም ገና ይከራከሩ ነበር።