ገና ያልተወለደው ወራሽ

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ብዙ ወላጆችን አጽናንቷል። ዳሩ ግን ምሳሌው የሚናገረው ተወልዶ ስለሚያድገው ልጅ ነው እንጂ፥ ገና በእናቱ ማሕፀን ስላለው ወይም ከነጭራሹ ስላልተፀነሰው አይደለም። ለዚህኛውስ ዕድሉን የሚጠብቅለት ማን ነው? ይህን ጥያቄ እንድናስብበት ያደረገን በድሬዳዋ ከተማ በጎረቤታችን ቤት የተፈጸመ ነገር ስለ ሆነ፥ አስቀድመን እርሱን እንተርካለን።

ጎረቤታችን በምድር ባቡር ለብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ የተቀመጡ፥ በከዚራ ሰፈር የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን የፀሐዩ ሙቀት በረድ ሲል አራት ጎረቤቶቻቸውን አስጠርተው ኑዛዜያቸውን አስጻፉ፤ እኛም ከአራቱ ምስክሮች አንዱ ነበርን። ጽሑፉ ሕጉ እንደሚያዘው በእርሳቸውና በእኛ ፊት ተነበበ። በውስጡም «ቤቴን የልጅ ልጆቼ እኩል ይካፈሉት» የሚል ቃል ነበረበት። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው፥ «ያሉትም የሚመጡትም ያው የእኔው ናቸው» አሉ። ይህ ሁለተኛው ቃል ግን በወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። እኛም ሰማን፤ ፈረምን፤ ቡናችንን ጠጥተን ወደየቤታችን ሄድን።

ሽማግሌው ባረፉ ጊዜ ሁለት የልጅ ልጆች ነበሯቸው፤ የአንደኛው ልጃቸው ባለቤትም የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሦስተኛው ሕፃን በደኅና ተወለደ። ቤቱ ሳይከፈል ሦስት ዓመት ስለ ቆየ፥ በዚህ መካከል አራተኛ ተጨመረ። ቤተ ዘመዱ ለክፍያ በተቀመጠ ጊዜ ክርክሩ በአንድ ነገር ላይ ሆነ፤ ይኸውም «የልጅ ልጆቼ» የተባሉት ሁለት ናቸው፥ ሦስት ናቸው፥ ወይስ አራት?

እንዲህ ያለው ጉዳይ ከዳኛ ፊት ሲቀርብ መልሱ የሚፈለገው ከፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። ይህ ሕግ ረቂቁ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የወጣና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። በ2ኛው ቁጥር እንደ ተደነገገው፥ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ ሁሉ እንደ ተወለደ ይቆጠራል፤ ነገር ግን በሕይወት መወለዱና ለመኖር የሚችል መሆኑ ያስፈልጋል። ከተወለደ በኋላ አርባ ስምንት ሰዓት ከኖረ ለመኖር የሚችል ነው ይባላል። መቼ ተፀነሰ ለሚለውም ሕጉ ከልደቱ ቀን ወደ ኋላ ሦስት መቶኛውን ቀን ይወስዳል። እንግዲህ ሦስተኛው ሕፃን በአያቱ ሞት ጊዜ ፊቱ ባይታይም በሕግ ዓይን ከወንድሞቹ ጋር አብሮ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ያለ ጽንስ ሲኖርም የውርሱ ክፍያ እስኪወለድ ድረስ መቆየት አለበት።

ይህ አሳብ የእኛ ሕግ ብቻ አይደለም። ከጥንት ሮማውያን ጀምሮ ይሠራበት ነበር፤ የፈረንሳይ ሕግም በኑዛዜ ለመቀበል ተናዛዡ በሞተ ጊዜ ተፀንሶ መገኘት ይበቃል ይላል። በድሬዳዋ ባለጉዳዮቹ ፈቅደው የሚዳኙበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ስላለ፥ በእስልምና ሕግም የጽንሱ ድርሻ እስኪወለድ ድረስ ተለይቶ እንደሚጠበቅ ማስታወስ ይገባል። በዚህ ነገር ከዚራና መጋላ አይለያዩም።

የአራተኛው ሕፃን ነገር ግን ሌላ ነው። ውርስ ለመቀበል ሟቹ በሞተ ጊዜ በሕይወት መኖር፥ ቢያንስ ተፀንሶ መገኘት ያስፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ በዚያን ቀን አልነበረም። አባቱ የተከራከረው በሽማግሌው ፈቃድ ነበር። በእርግጥም የሕጉ 910ኛ ቁጥር፥ ኑዛዜው አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ የተናዛዡ አሳብ ከራሱ ከኑዛዜውና ከሌሎች ሁኔታዎች ተመርምሮ ይተርጐም ይላል። ወዲያውም ቃሉ ግልጽ ከሆነ፥ እውነተኛውን አሳብ እንፈልጋለን በማለት ከቃሉ መውጣትን ይከለክላል። ታዲያ «የልጅ ልጆቼ» ማለት ግልጽ ነው ወይስ አጠራጣሪ? ሁለቱም ወገን የሚናገረው አያጣም። ዳኛው አጠራጣሪ ነው ብሎ እኛን ምስክሮቹን ቢሰማ እንኳ፥ በሞቱ ቀን ላልነበረ ሰው በቀጥታ የተሰጠውን ለማጽናት ይቸገራል።

ሽማግሌው ግን መንገድ አልጠፋባቸውም ነበር። ሕጋችን ተናዛዥ ንብረቱን ለአንዱ ሰጥቶ፥ ያ ሰው ሲሞት ለሌላው ይተላለፍ ብሎ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ቤቱን ለልጆቻቸው ሰጥተው፥ ከእነርሱ በኋላ ለልጅ ልጆቻቸው ይለፍ ቢሉ ኖሮ አሳባቸው ባልተሰወረ። በእንግሊዞች ዘንድ ላልተፀነሰ ልጅ መናዘዝ የተፈቀደ ሲሆን፥ ሙታን ሕያዋንን ለዘለዓለም እንዳያስሩ በጊዜ ወስነውታል፤ የቀድሞው ደንባቸው በዚያን ጊዜ በሕይወት ባለ ሰው ዕድሜና ከዚያ በኋላ በሃያ አንድ ዓመት ይለካ ነበር።

የተናዛዡ የራሱ ልጅ ከኑዛዜው በኋላ በተወለደ ጊዜ ግን ሕጉ ይበልጥ ይራራል። ልጁ ውርሱን ከተቀበለ ቀድሞ የተሰጡት ስጦታዎች ይፈርሳሉ። ዳኛው፥ ሟቹ የልጁን መወለድ ቢያውቅም ኖሮ ባጸናቸው ነበር ብሎ ካመነ በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጸናቸው ይችላል፤ ሆኖም ልጁ ያለ ኑዛዜ ከሚደርሰው ድርሻ ከአራት እጅ ሦስቱን እንዲያገኝ ይደረጋል። እንዲህ ያለው ጥበቃ ለልጅ ልጅ አልተሰጠም።

የጎረቤታችን ጉዳይ ከፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌዎች አለቀ። አንዳንዶቻችን አራቱም እኩል ይካፈሉ ብለን ነበር፤ ነገር ግን አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሀብት ወላጅም ቢሆን እንደ ልቡ አንሥቶ ለሌላ ሊሰጥ ስለማይችል፥ ቤቱ ለሦስቱ ሆነ። አጎቶቹ ለአራተኛው ሕፃን ከየኪሳቸው ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው አስቀመጡለት። ስንወጣ እናቱ ሕፃኑን እንዳዘለች በራፉ ላይ ቆማ፥ «አባባ ያሉትን እናንተ በጆሮአችሁ ሰምታችኋል፤ ምነው ያን ጊዜ ብታስጽፏቸው?» አለችን። የምንመልስላት አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ የደቻቱን ወንዝ በተሻገርን ቁጥር ይህ ነገር ይታሰበናል። ደቻቱ የዓመቱን ብዙ ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበትን ጎርፍ ያየ የድሬዳዋ ሰው፥ ዛሬ ውሃ የለበትም ብሎ አይዘነጋውም። ኑዛዜም ስንጽፍ ዛሬ በቤቱ የማይታየውን እንዲሁ ማሰብ ይገባናል።

ይህን የምንጽፈው ሕግ ለማስተማር አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛውና መምህሩ ብዕር ይዘዋል እየተባሉ ለኑዛዜ ጽሑፍና ለምስክርነት ዘወትር ስለሚጠሩ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ተናዛዡን እንጠይቅ፤ «ልጆች» ያሉት የትኞቹን ነው? በማሕፀን ያለው አለበት? ወደ ፊት የሚወለደውስ? መልሱንም ከጆሮአችን ወደ ወረቀቱ እናሳልፈው። ነገሩ ምናልባት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ እኛ በዚያ ቀን ያን ሩብ ሰዓት ሳንሰጥ ቀረን።