እንሰት ፊት አንሣኝ ያለ የለም

ካሜራ ግርግር ይወዳል። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ሰልፍ፣ ጎርፍ፣ ረኃብ ባለበት ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ዝም ብሎ የሚኖር ነገር ግን አይጠራውም። ሰው ጠዋት ቁርሱን በልቶ ሥራ ሄደ፤ ማታ ራቱን በልቶ ተኛ። ይህ ምን ፎቶግራፍ ይወጣዋል? ይሁንና አገር የቆመችው በዚሁ ነው። ሕይወትን ደግፎ የሚያቆየው ነገር ለምን ሥዕል አጣ? ይህ ጥያቄ ሲከነክነኝ ስለቆየ ነው ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት። ይህች መጽሔታችን በስቴንስል ተመትታ በማባዣ የምትወጣ ስለሆነች ፎቶግራፍ አታትምም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሥዕሉን በቃል ተቀበለኝ።

ዓለም እኛን ያወቀን በየትኛው ሥዕል ነው? መልሱ ለማናችንም አይጠፋንም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ በፊልም ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ደግሞ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣው ፊልም በቢ.ቢ.ሲ. ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ። እነዚህ ሥዕሎች እውነት ናቸው፤ እርዳታ አስመጥተው ብዙ ነፍስ አትርፈዋል። ማንም ሊያጣጥላቸው አይገባም።

ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። በዚያው በ77 በእንሰት የሚኖረው የጉራጌ ደጋ እንደ ወሎ አልረገፈም። ችግር አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበር። ሆኖም ከየቤቱ ጀርባ የሚበላ ነገር ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ያልሞተውን ሰው ማን ፎቶግራፍ አነሣው? ማንም! ያልመጣ ረኃብ ዜና አይሆንማ።

እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ። ክረምቱን ግን ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት ቡታጅራ አጎቴ ዘንድ ነው። ሁለቱ ከተሞች በጉራጌ ተራሮች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ወልቂጤ በጅማው መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕናው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ እንደሆነች ቀርታለች። ዞኑ ሁለት ሆነ እንጂ ጓሮው አሁንም አንድ ነው።

አጎቴ ፎቶ ቤት አላቸው። ከኋላ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ፏፏቴና ፎቅ ቤት ተሥሎበታል። በአንድ ወቅት የማይሠራ ስልክ፣ የላስቲክ አበባ፣ ለመነሻ ብቻ የሚዋሱት ኮትና ክራቫትም ነበር። ገበሬው በገበያ ቀን ይመጣና ያን ኮት ለብሶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ፏፏቴው ፊት ቆሞ ይነሣል። ይህን ጉዳይ ባነሣሁባቸው ጊዜ አጎቴ ሳቅ አሉና፣

«ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሳነሣ ኖርኩ። አንድ ሰው እንኳ ‹እንሰት ፊት ቆሜ አንሣኝ› ብሎኝ አያውቅም። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ ዘመዱን ሰብስቦ ጀፎረው ላይ ይሰለፋል። እኔም ‹እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ› እላለሁ፤ እንሰቱ እንዳይገባብኝ። ቅጠሉ ፊት ላይ ጥላ ይጥላል እኮ!» አሉኝ።

ፈቃዳቸውን ጠይቄ የኔጋቲቭ ሣጥናቸውን ስበረብር ሰነበትኩ። እውነታቸውን ነው። እንሰት በየፎቶግራፉ አለ፤ ግን ተደብቆ ነው ያለው። ከሙሽራዋ ትከሻ ኋላ አንድ ቅጠል ብቅ ይላል። ከሽማግሌው ባርኔጣ በስተቀኝ የደበዘዘ ግንድ ይታያል። ሰዎቹን ሁሉ ያሳደገው እሱ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ግን እንደ ሌባ በጥግ በጥግ ነው የቆመው።

ላላደገበት ሰው እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን ለምግብ አይሆንም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ተተክሎ እስኪደርስ እንደየአየሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ ግን እንደ ጤፍ የአጨዳ ወር የለውም፤ ሲቸግር በማንኛውም ጊዜ ይቆረጣል። የተፋቀው ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፤ ለወራት፣ ሲያስፈልግም ለዓመታት ይቀመጣል። ቆጮ የሚባለው ይህ ነው። ሲጨመቅ ነጩ ቡላ ይወጣል። ሥሩ ሲቀቀል አሚቾ ነው። ጭረቱ ቃጫ ሆኖ ገመድ ይሆናል። ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፣ ከብቱ ፍግ ይሰጣል፣ ፍጉ ተመልሶ እንሰቱን ያበላል። እርግጥ ነው፣ ቆጮ ብቻውን ሰውነት አይገነባም፤ ጎመንና አይብ፣ ለመስቀልም ክትፎ ይፈልጋል። ቢሆንም ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንሰት አምስት ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት ሊመግብ እንደሚችል ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮውን በዚህ ተክል ላይ አድርጓል።

በየስብሰባው አዳራሽ «ዘላቂነት» የሚባል ቃል እንሰማለን። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ግን ከረባት አስሮ ስለሚመጣ ያስፈራል። ነገሩ ራሱ ያለው ፍግ በሚሸትበት ጓሮ ነው። የአጎቴ ካሜራ መዝጊያ ለሰኮንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ያህል ተከፍቶ ይዘጋል። አንድ እንሰት አምስትና ስድስት ዓመት ይጠይቃል። ያን ሁሉ ዓመት በዚያች ቅጽበት መያዝ ቀላል አይደለም፤ አንዱ ችግር ይህ ይመስለኛል።

ሌላው ችግር ውለታውን የምናውቀው ሲቸግረን ብቻ መሆኑ ነው። ስልክ ሁሉ ካሜራ ከሆነ ወዲህ የአጎቴ ፎቶ ቤት ተቀዛቅዟል። የቀረው ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለፋይዳ መታወቂያ የሚመዘገበውን ሰው እዚያው ያነሡታል። ሳምንት ሙሉ አንድም ደንበኛ ሳይገባ የሚዋልበት ጊዜ አለ። ታዲያ ያን ሳምንት ቤቱ ምን በላ? የአጎቴ ባለቤት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ወደ ጓሮ ሄደው ጉድጓዱን ከፈቱ። በቃ ይኸው ነው። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም ፎቶ አላነሣም። ፎቶ አንሺውን ያቆየው ፎቶግራፍ ሳይሆን ካሜራው ጀርባውን ሰጥቶት የኖረው ጓሮ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ወልቂጤ ላለው የልጅነት ጓደኛዬ ነገርኩት። እሱም ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ በዲጂታል ካሜራ ሠርግና ምርቃት ያነሣል። እናቶች እንሰት ሲፍቁ አንሥተን ኤግዚቢሽን ብናሳይስ ብዬ ገና ሳልጨርስ ቆጣ አለ።

«ተው እንጂ! አንተ የምታየው በቅጠሉ መሃል የሚገባውን ብርሃን ነው። እናቴ ግን ግንዱን ጣውላ ላይ አስደግፋ፣ በተረከዟ ይዛ፣ በቀርከሃ ስትፍቅ ውላ ማታ ወገቧን ይዛ ነው የምትነሣው። ወንድ ሲፍቅ አይተህ ታውቃለህ? ድካሟን ‹ባህል› ብለህ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው?»

መልስ ሳልሰጠው ቀጠለ። «ደግሞስ እንሰት አምስት ዓመት ያስጠብቃል። ጫት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ብር ያመጣል። ባሕር ዛፍም ቆሞ ይሸጣል። አንተን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰህ ምን ሆነና ነው?»

ዝም አልኩ። የአውቶቡሴና የደብተሬ ሒሳብ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁና። ነጋዴውንም ገበሬውንም መራገም ለኛ ለተማሪዎች ቀላል ነው። ግን ወልቂጤ ዙሪያ የሚታየው ለውጥ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ሆድ ብቻ ሳይሆን ኪስም መሙላት ስላለበት የመጣ ነው። በዚያ ላይ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በሳይንስ የታወቀው የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለ። እስከ ዛሬ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ የታመመውን ነቅሎ መጣልና ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ነው ያለው ዘዴ። ድካሙን የሚያቀልሉ መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎች ተሠርተዋል፤ ግን ወደ አብዛኛው ጓሮ ገና አልዘለቁም። የጓደኛዬ ንግግር ልክ ነው፤ ሕይወት የሚቆየው በአንዲት ሴት ወገብ ዋጋ ከሆነ፣ እሱን አሳምሮ ማንሣት በድካሟ ላይ መቀለድ ይሆናል።

ታዲያ ፎቶ አንሺ ምን ያድርግ? በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ እስከ ጥግ የሄደበት ሰው ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ ይመስለኛል። በ77 ድርቅ ጊዜ ኢትዮጵያ መጥቶ ኮረምን አንሥቷል። በኋላ የሩዋንዳን እልቂት ካነሣ ወዲያ ነፍሱ ታመመችና አገሩ ገባ። እዚያ የአባቱ መሬት ከብት ግጦት፣ ዛፉ አልቆ ራቁቱን ነበር። እሱና ባለቤቱ ሌልያ በ1998 እ.ኤ.አ. ድርጅት አቋቁመው ችግኝ መትከል ጀመሩ። ሳልጋዶ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሲሞት ከ2 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተክሎ ነበር። ሲሞት የኖረውን ዓለም ሲያነሣ የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ መሬት ቆፈረ። በየጓሯችን ያሉት እናቶች ግን ከመጀመሪያውም እየቆፈሩ ነበር።

የኛዋ አይዳ ሙሉነህ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶግራፍ ዝግጅት በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረች ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ውሃ በሠራቻቸው ሥዕሎች አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ሴቶችን በደማቅ ልብስ ቀጥ አድርጋ አቆመቻቸው። ጭብጡ ያው የሴቶች የውሃ ሸክም ነው፤ ሥዕሉ ግን ምጽዋት አይለምንም።

ከካሜራ ውጭም ምሳሌ አለ፤ እዚያው ቡታጅራ። ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በጋራ በያዙት የጤና ጥናት መዝጋቢዎች በተመረጡ ዐሥር ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገባና እንደወጣ ሲጽፉ ኖረዋል። ግርግር የለበትም፤ ዓመት ጠብቆ የሚደጋገም ሥራ ነው። እኔ ይህን ትልቅ ፎቶግራፍ እለዋለሁ። ቀስ ብሎ የሚኖርን ነገር ለማየት ቀስ ብሎ ደጋግሞ መሄድ ያስፈልጋል።

ባለፈው መስቀል አጎቴ ቤት ክርክር ተነሣ። የአጎቴ የመጀመሪያ ልጅ ጓሮው ተመንጥሮ የሚከራይ ክፍል ይሠራበት አለ። ፎቶ ቤቱ እየሞተ ነው፤ ገቢ ያስፈልጋል። አጎቴም እሺ ወደ ማለቱ አዘነበሉና፣ «ግድ የለም፣ ከመቆረጡ በፊት በደንብ አነሣዋለሁ፤ ማስታወሻ ይሆናል» አሉ። እትዬ ቡናውን እየቀዱ፣ «እንግዲያው ክረምት ሲመጣ ማስታወሻውን በጎመን ትበሉታላችሁ» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግን ከሳቁ በኋላ ማንም አልተናገረም።

ነገሩ በስምምነት አለቀ። ግማሹ ተቆረጠ፤ ሁለት ክፍል ተሠርቶበት ተከራይቷል። ግማሹ ቆሟል። ያ ግማሽ ይቆይ አይቆይ ለመናገር ነቢይ መሆን ይጠይቃል። አጎቴ የቆመውን ለማንሣት ካሜራቸውን ሲያወጡና «እስቲ ስትፍቂ ላንሣሽ» ሲሉ እትዬ እንቢ አሉ። «ጎንበስ ብዬ አልነሣም። የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ቀጥ ብዬ ፊቱ ቆሜ አንሣኝ» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በየእንሰቱ ፊት እየቆሙ የየዓይነቱን ስም ነገሩን፤ የቱ ለቆጮ፣ የቱ ለአሚቾ፣ የቱ ለቃጫ እንደሚሻል፣ የቱ ደግሞ ለስብራት መድኃኒት እንደሚሆን። አጎቴ ከዚያ ሁሉ ስም ሦስቱን ብቻ ነበር የሚያውቁት። ፎቶግራፎቹ ታጥበው ሲወጡ በየጀርባቸው ስሙን፣ የተተከለበትን ዓመትና «ተካይ» ብለው የባለቤታቸውን ስም ጻፉበት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ለመጪው መስቀል ብዙዎቻችን አገራችን እንገባለን። ስልካችን በክትፎና በዘመድ ፎቶግራፍ መሙላቱ አይቀርም፤ ይሙላ። ግን እግረ መንገዳችንን ወደ ጓሮ ዞር እንበል። የጉራጌ ልጅ ያልሆንክ ደግሞ አገርህ የሚያኖርህ ሌላ ነገር አለ፤ ጎተራው፣ ምንጩ፣ ወፍጮው። ማን እንደተከለው፣ ማን እንደሚሸከመው፣ ስሙ ማን እንደሆነ ጠይቅ። በእጅ የያዝከውን መፋቂያ ተቀብለህ ለአንድ ሰዓት ሞክረው፤ ወገብህ ይመስክር። ከዚያ በኋላ ካሜራህን አውጣ። የምታነሣትን ሴትም እንዴት ሆና መነሣት እንደምትፈልግ መጀመሪያ ጠይቃት።